ለአርባ ኪሎ በርበሬ የኮንቴይነር ወረቀት አትጠይቁን

የተከበራችሁ ከመሥሪያ ቤትና ከባንክ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «የውጭ ገበያ ዕድሎች» የሚል ርዕስ ተሰጥቶኛል። ዕድሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቦሌ አየር ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ ሲፈተሽ ቆማችሁ እዩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ኮረሪማ። እናት ለልጇ ቋጥራ ትልካለች። ገበያ አለ ወይ ብሎ ጥናት ለሚያስጠና ሰው መልሱ እዚያ ነው። ስለዚህ ርዕሱን ትቼ ስለ ትንሽ ጭነት ላውራ።

አባላቶቻችን ይህን ታሪክ ሰምታችሁታል። ዛሬ የምደግመው ለእንግዶቻችን ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ወንድማችን በርበሬያችንን ቀምሶ ወደደው። «እህቴ፣ በአንዴ ብዙ አልችልም። ለመጀመሪያ አርባ ኪሎ ላኪልኝ፤ ከተሸጠልኝ በየወሩ እወስዳለሁ» አለኝ። ትክክል ነው። ማን ነው ያልቀመሰውን ገበያ በኮንቴይነር የሚጀምር?

የአሜሪካኖቹን ጉዳይ ጨረስን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደራቸው ምግብ አምራቹ እንዲመዘገብ፣ እዚያ አገር ወኪል እንዲኖረው፣ ጭነቱም ከመድረሱ በፊት እንዲነገረው ይፈልጋል። ምዝገባው ነፃ ነው። ይህንኑ ነፃ ምዝገባ በዶላር የሚሸጡላችሁ ደላሎች ስላሉ፣ በነገራችን ላይ፣ ጠንቀቅ በሉ።

ከዚያ ወደ ራሳችን ሰዎች መጣሁ። ባንክ ሄጄ የላኪ ፈቃድ ማመልከቻዬን ሰጠሁ። ልጁ አየውና «እዚህ ጋ ስህተት አለ፤ አርባ ቶን ለማለት ነው?» አለኝ። አርባ ኪሎ ነው አልኩት። አለቃውን ጠራ። አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ውል፣ የስሪት አገር ሰርተፍኬት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፤ ሰሊጥ በመርከብ ከሚጭነው ሰው የሚጠየቀው ሁሉ ከእኔም ተጠየቀ። የላቦራቶሪው ክፍያ ለአርባ ኪሎም ለኮንቴይነርም እኩል ነው። የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽምልን ትራንዚተርም ለትንሽ ጭነት ብሎ አይቀንስም። ደምሬ ሳየው ወረቀቱ ከበርበሬው በለጠ። በመጨረሻ አንዱ ኃላፊ፣ ከልቡ አዝኖልኝ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለምን በሰው ሻንጣ አትልኪውም?»

አስቡት። ሕጋዊ ላኪ ልሁን ብዬ የንግድ ፈቃዴን ይዤ ብቀርብ ወደ ሻንጣ መለሱኝ! ያ ወንድማችን ጠብቆ ጠብቆ እዚያው አሜሪካ የተፈጨ በርበሬ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ደረደረ። አይፈረድበትም።

እኛን ለመርዳት የሚመደበው ገንዘብስ የት ይሄዳል? ኤግዚቢሽን። ባነር፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የጋራ ፎቶ። ዱባይ ሄደን ቢዝነስ ካርድ ለቅመን እንመለሳለን። ገዢው ደውሎ ናሙና ይጠይቃል። ናሙናው አይወጣም! ታዲያ ለምን ወሰዳችሁን?

አገራችን ስትፈልግ መታገል ትችላለች። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስም የኛ ነው ብላ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ1999 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ያኔ ያኮራችሁን ሰዎች፣ የዚያን ወኔ ሩቡን ለአርባ ኪሎ አበድሩን።

በሐምሌ 2016 በተደረገው ማሻሻያ ላኪ ካገኘው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን ይዞ መቆየት ይችላል ተባለ። ጥሩ ነው። እኔ ግን አልላክሁም። የዜሮ ግማሽ ስንት ነው? ከ2012 ጀምሮም የየመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በአንድ ቦታ የምንጠይቅበት የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት አለ። መስኮቱ አንድ ሆነ፤ ጥያቄው ግን አልቀነሰም።

የምንለው አዲስ ነገር አይደለም። የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሆነው ኮሜሳ ለድንበር ትንንሽ ነጋዴዎች ቀለል ያለ የንግድ ሥርዓት ካወጣ ቆይቷል። የዛምቢያና የማላዊ ነጋዴ የጭነቱ ዋጋ ከተወሰነው መጠን በታች ከሆነ አጠር ባለ ቅጽ ያልፋል። ለአየር ጭነትስ ተመሳሳይ ነገር ለምን አይሠራም?

የራሳችንንም ጉድ ላንሳ። በርበሬ ባዶ መሬት ላይ እያሰጣን፣ ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ ከሚረጭ ሰው እየገዛን አውሮፓ አይታሰብም። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ እርጥበት ይወዳል። አውሮፓውያኑ ደግሞ በቅመም ላይ የሚፈቅዱት የአፍላቶክሲን ጣሪያ ድምሩ በኪሎ 10 ማይክሮግራም፣ ቢ1 የሚባለው ብቻውን 5 ነው። ይህ በልመና አይታለፍም። የምርመራውን ወጪ ግን በጋራ መግዛትና በጋራ ማስመርመር ይቀንሰዋል። ዝርዝሩን ከሰዓት በኋላ እናወራለን።

ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆችም ዛሬ አብራችሁን ናችሁ። የእናንተ ጭነት በኢንተርኔት ይሄዳል፤ ክፍያው ግን እንደኛው በወረቀት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጥያቄው የእናንተም ነው።

እንግዶቻችን፣ «አጥኑና አቅርቡ» እንዳትሉን ለትንሽ ጭነት የሚሆን ቅጽ እኛው አርቅቀናል። አንድ ገጽ ነው። የላኪ ስም፣ የገዢ ስም፣ ዕቃው፣ ክብደቱ፣ ዋጋው፣ ክፍያው የገባበት ባንክ። የዋጋ ጣሪያውን እናንተ ወስኑ፤ ቦታውን ባዶ ትተንላችኋል። ፀሐፊያችን በር ላይ ይዛ ቆማለች፤ ስትወጡ ፈርማችሁ ተቀበሏት። በወሩ መጨረሻ ቢሯችሁ መጥተን እንጠይቃለን።

አመሰግናለሁ።