ለስንት ጊዜ ቆመ?

እሺ... እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ? ዛሬ ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን ላወራ ነበር። እሱ ይቆየን። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል።

የሚጣ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ያቺው ሚጣ። ሰማያዊዋ ሳይክልም አለችበት።

ፊዚክስ እያስጠናኋት ነበር። «ሳይንሸራተት የሚንከባለል ጎማ፣ መሬት የሚነካው ነጥብ ፍጥነቱ ዜሮ ነው» ይላል ደብተሯ። አላመነችም። «ነይ ላሳይሽ» አልኳትና ግቢ ወጣን። ጎማው ላይ ቀይ ክር አሰርን። እኔ ሳይክሏን በቀስታ እገፋለሁ፣ እሷ ተንበርክካ ክሩን ታያለች።

ክሩ ከላይ ሲያልፍ ይከንፋል። ሲወርድ እየቀዘቀዘ ይመጣል። መሬት ሊነካ ሲል ወደ ጎን መሄዱን ይተዋል። ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ይነካል፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል።

«አየሽ? እዚህ ጋ ቆመ» አልኳት።

«ለስንት ጊዜ?»

«ለቅጽበት።»

«ቅጽበት ስንት ሴኮንድ ነው?»

«ዜሮ» አልኩ።

«ታዲያ ዜሮ ሴኮንድ የቆመ ነገር ቆመ ይባላል፣ ጋሼ?»

እኔ ምን አልኩ? «ለፈተናው ይሄ ይበቃሻል።» ጉልበቷን አራግፋ ወደ ቤት ገባች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ሳይክሏን ይዤ እዚያው ቀረሁ።

ሳስበው ጥያቄዋ ልክ ነበር። ሳይክሏ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ የጎማው መሃል 15 ይሄዳል። አናቱ 30። ታቹ ዜሮ። እየሄደ ያለ ሳይክል ፎቶ ካላችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የታችኞቹ ሽቦዎች ጥርት ብለው ይታያሉ፣ የላይኞቹ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ጎማው በሙሉ የሚዞረው በመሃሉ ላይ አይደለም፣ መሬት በነካው ነጥብ ላይ ነው። ቅጽበታዊ ዛቢያ የሚሉት እሱን ነው። ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ባለበት ቢሽከረከር ግን ዛቢያው ወደ መሃሉ ይመለሳል። እና...

ቆይ፣ እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። ክሩ ቆመ። ዛቢያው ግን አልቆመም። ዛቢያው መንገዱን ይዞ ከሳይክሏ እኩል በ15 ይሄዳል። በየቅጽበቱ ሌላ የላስቲክ ነጥብ ተራውን ዛቢያ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም «ነጥቡ» እያልኩ ነበር የማወራው። ልጅቷ እንዴት አትደናገር?

ደግሞ ፍጥነቱ ዜሮ ሆነ ማለት ክሩ እዚያው ይቀራል ማለት አይደለም። አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን፣ ዜሮ አይደለም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎማው መሃል ይስበዋል። ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይም ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፣ ግን አየር ላይ አይቀርም። ይሄን ብነግራት ኖሮ... ይበቃት ነበር? እንጃ። «ድንጋዩስ ለስንት ጊዜ ቆመ?» ትለኝ ነበር።

የመሰላሉ ነገር ደግሞ አለ። ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ሲንሸራተት ዛቢያው መሰላሉ ላይ አይደለም። 5 ሜትር መሰላል ነው እንበል፤ እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቋል፣ ጫፉ 4 ሜትር ላይ ነው። ከእግሩ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ መስመር አስምሩ፣ ከጫፉ ደግሞ ወደ ጎን። የሚገናኙት አየር ላይ ነው። እግሩ በሴኮንድ 1 ሜትር ከሸሸ፣ ጫፉ በሴኮንድ 75 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። መሰላሉ በሙሉ ምንም በሌለበት ቦታ ዙሪያ እየዞረ ነው።

ይሄን እያሰላሁ ነው አባዬ ትዝ ያለኝ። የጣሪያው ቀን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። መሰላሉ ሲንሸራተት እሱ መሃሉ ላይ ነበር። እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው፣ ከዚያ የመሰላሉን እግር፣ ምኑን ልያዝ እያልኩ። ለካ የሚዞረው እጄ በማይደርስበት...

እሱ እንኳ ደህና ነው። ትናንት ደውዬለት ነበር። ስለ መሰላሉ ግን አላነሳሁበትም።

ወደ ሚጣ ልመለስ። ክሩ እስካሁን ጎማው ላይ እንደታሰረ ነው። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ በመስኮት ሳይ ብቻዋን ሳይክሏን እየገፋች ነበር። ትገፋለች፣ ትቆማለች፣ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ትንሽ ወደ ኋላ ትመልሳታለች። ልወጣ ብዬ በሩን ያዝኩ። ግን ብወጣ ምን እላታለሁ? ተሳስቼ ነበር ልበላት? ቆሟል አይደለም፣ ቆሟልም ግን...

ትንሽ ቆየሁ። ስወጣ ሳይክሏን አስደግፋ ገብታለች። ክሩን አየሁት። ልክ ታች ላይ ነበር፣ መሬቱን ነክቶ። እሷ ትሁን ያቆመችው፣ ወይስ እንዲሁ...