አማርኛው እንዳይጠፋ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ቤት መብራት ስለሌለ የምቀዳው በስልኬ ነው፤ ጣና ዳር፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ። ከኋላዬ ሞተር ከሰማችሁ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ጀልባዎች ናቸው። ድምፄም ትንሽ ሻክሯል፤ ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም።

የማወራችሁ ስለ አንዲት መስመር ነው። ኮድ ውስጥ በኮመንት መልክ፣ ማለትም ማሽኑ የሚያልፋት ለሰው የተተወች ማስታወሻ ሆና፣ በአማርኛ የተጻፈች። እንዲህ ትላለች፦ «እዚህ ጋ እንዳትነኩ፤ አማርኛው ይጠፋል።» ይህን ሁሉ ዓመት ከኖረችበት ባለፈው ማክሰኞ አወጣኋት። ማውጣቱ የአንድ ቁልፍ ሥራ ነበር። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው የረዘመው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። በ2001 ዓ.ም ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። እዚሁ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚረከብ አንድ ቤት አለ። አጥማጆቹ ያመጡትን ቆሮሶም አምባዛም እየመዘነ ይረከባል፣ ከዚያ ለሆቴሉና ለምግብ ቤቱ ያከፋፍላል። ሒሳቡ በሙሉ በደብተር ነበር። ደብተሩን እርጥበት ያገኘዋል፣ ገጹ ይጣበቃል፤ «ያኔ ያስረከብኩት 12 ኪሎ ነው»፣ «የለም፣ 10 ነው»፣ በየሳምንቱ ጭቅጭቅ። ይህን ወደ ኮምፒውተር የማዞሩን ሥራ የያዘው ጋሼ ነበር። ጋሼ የምለው ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረኝን ሰው ነው። ስሙ እንዲነሳ ስለማይወድ አልጠራውም።

ጋሼ የፐርል ሰው ነው። ፐርል ላሪ ዋል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቋንቋ ነው፤ ጽሑፍ መፈለግ፣ መቁረጥ፣ መለወጥ ይችልበታል። ለዌብ ሥራው የያዝነው ፍሬምወርክ ደግሞ ካታሊስት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሜይፖል ከሚባል ሌላ ፍሬምወርክ ወጥቶ ራሱን የቻለ ነው። ኮድ ለማትጽፉ አድማጮቼ፦ ፍሬምወርክ ማለት ከብራውዘር የመጣውን ጥያቄ የሚቀበል፣ ለየትኛው ኮድ እንደሚሰጠው የሚወስን፣ መልሱን አሰናድቶ የሚልክ ነው። ይህን የሚሠራው ውስጠኛ ክፍል ኮር ይባላል። እኛ የምንጽፈው ከኮሩ በላይ ነው። ኮሩ የሌላ ሰው ነው፤ አይነካም።

ጋሼ ነካው። ለምን እንደነካው ሳላስረዳችሁ ግን ወደ ፊት መሄድ አልፈልግም።

የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት ውስጥ፣ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር መረጃ የሚይዝበት አንድ ትንሽ ክፍል፣ ሲወስድ፣ ከሀ ጀምሮ ያሉት የኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ። «ባሕር ዳር» ብላችሁ ጻፉ። አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ 6 ነው። ፐርል ግን የመጣለት ባይት ፊደል መሆኑን ካልነገራችሁት ርዝመቱን ስትጠይቁት 16 ይላችኋል። አምስቱ ፊደል በ3 ሲባዛ 15፣ ክፍት ቦታዋ 1። ያንን 16 እንደ ፊደል ይዞ ቃል ለመቁረጥ ሲነሳ አንዱን ፊደል መሐሉ ላይ ይቆርጠዋል። የአጥማጆቹ ስም መጨረሻው እየተቆረጠ የጥያቄ ምልክት ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን እንዲህ ተቆርጦ ያየ አንድ አባት «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብለው አልፈርምም አሉ። እውነታቸውን ነበር።

መፍትሔው በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። ጽሑፍ ሲገባ ከባይት ወደ ፊደል ትፈታዋለህ፣ ውስጥ በፊደልነቱ ትሠራበታለህ፣ ሲወጣ መልሰህ ወደ ባይት ትቋጥረዋለህ። ያኔ እኛ የያዝነው ካታሊስት ይህን በራሱ አያደርግም ነበር። ጋሼ መግቢያውን በየፎርሙ ኮድ ላይ ሠራው። መውጫውን ግን መልሱ ተጠናቆ ከመላኩ በፊት በሚያልፍበት አንድ ቦታ ላይ ማድረግ ፈለገ፤ ያ ቦታ ያለው ደግሞ ኮሩ ውስጥ ነው። ፐርል እንዲህ ያለውን አይከለክልም። የሌላውን ሞጁል፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን የኮድ ክፍል፣ ተግባር በስሙ ጠርተህ፣ የራስህን በቦታው ተክተህ፣ የድሮውን ከውስጥ ልትጠራው ትችላለህ። «ይህ ተግባር በድጋሚ ተበየነ» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውንም በአንድ መስመር ዝም ማሰኘት ይቻላል። ጋሼ ሁለቱንም አደረገ። ሃያ የማይሞላ መስመር ያለው ፋይል ሆነ። አናቱ ላይ ያቺን ኮመንት ጻፈባት።

በማግስቱ ስሞቹ ሙሉ ሆነው ወጡ። እኒያ አባት ፈረሙ። ለእኔ የዚያን ቀን የተከፈተልኝ በር እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ማሽን የራሴን ቋንቋ አክብሮ ሲጽፍ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ኋላ እንዳወቅነው ካታሊስት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ፕለጊን፣ ማለትም በላዩ የሚገጠም ተጨማሪ ክፍል፣ ነበረው። ያኔ ግንኙነቱ ቀርፋፋ ነው፣ መመሪያ የምናነበው በሲዲ ከመጣልን ነው፤ አላየነውም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዓመታት አለፉ። ሲስተሙ ይሠራል፣ እኛ አንነካውም። ከዚያ ዘንድሮ ሰርቨሩ አረጀና በአዲስ ማሽን መተካት ግድ ሆነ። አዲሱ ማሽን ላይ ያለው ፐርል ደግሞ ከድሮው ከ5.10 በጣም የራቀ ነው። እና ኮሩን ማደስ ለእኔ ወደቀ።

በመካከሉ ምን እንደተለወጠ በአጭሩ ልንገራችሁ። ካታሊስት እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ5.8 እትሙ፣ ውስጡን ሙስ በሚባል የኦብጀክት ሥርዓት ላይ አቆመው። በ2011፣ በ5.9፣ ከዌብ ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበትን ክፍል በሙሉ ወደ ፒኤስጂአይ አዛወረ። ያ ታትሱሂኮ ሚያጋዋ በ2009 ያስጀመረው፣ የፐርል ፍሬምወርኮች ሁሉ ከሰርቨር ጋር በአንድ ቋንቋ እንዲግባቡ ያደረገ ስምምነት ነው። ፐርል ራሱም ተለውጧል። ከ5.18 ጀምሮ ሐሽ በሚባለው፣ መረጃ በስም እየተጠራ በሚቀመጥበት መያዣ ውስጥ ያሉ ነገሮች ቅደም ተከተል በየሩጫው ይለያያል፤ በቅደም ተከተሉ የተማመነ የኛ አንድ ሪፖርት ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ሆኖ ይወጣ ጀመር። ከ5.26 ጀምሮ ደግሞ አሁን ያለህበት ፎልደር ሞጁል ከሚፈለግባቸው ቦታዎች ውስጥ ለደኅንነት ሲባል ወጥቷል። እነዚህ ሁለቱ አላስቸገሩኝም። አንዱን በመደርደር፣ ሌላውን መንገዱን በግልጽ በመጻፍ ጨረስኩት።

ሞጁሎቹን ያገኘሁት አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በፍላሽ በላከልኝ ሚኒሲፓን ነው። ሚኒሲፓን ማለት የፐርል ሞጁሎች ማከማቻ የሆነው የሲፓን ቅጂ ነው፤ የእያንዳንዱን ሞጁል የመጨረሻ እትም ብቻ ይይዛል። ኢንተርኔት እንደልብ በማይገኝበት ሰሞን ከኪስ የሚወጣ ሲፓን ማለት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጉድለት አለው። ደረጃ በደረጃ፣ ከ5.7 ወደ 5.8፣ ከዚያ ወደ 5.9 እያልኩ እንዳልሄድ መካከለኞቹ እትሞች የሉትም። በአንድ ጊዜ ዘለልኩ። ዛሬ ቢሆን አልዘልም። ደረጃ በደረጃ ሄጄ ቢሆን የቱ ደረጃ ላይ እንደተሰበረ ወዲያው አየው ነበር።

ከተለወጡት ሁሉ ለእኛ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 5.90080 ነው። ከዚያ እትም ጀምሮ ካታሊስት ዩቲኤፍ 8ን በራሱ ያደርጋል። ሲገባ ይፈታል፣ ሲወጣ ይቋጥራል፣ ማንም ሳይነግረው። ጋሼ እኛ ዘንድ የሠራው ነገር ኮሩ ውስጥ ለሁሉም ሰው ገባ ማለት ነው።

መግቢያው ላይ ችግሩ ወዲያው ታየ። ፍሬምወርኩ የፈታውን ጽሑፍ የኛ ፎርም እንደገና ሊፈታው ሲል ፐርል ሥራውን አቁሞ ጮኸ። ስሕተቱን አየሁ፣ የኛን ፈቺ አወጣሁ፣ አለቀ። መውጫው ግን አይጮኽም። የተቋጠረን ባይት ድጋሚ ቋጥር ስትለው ዝም ብሎ ይቋጥርልሃል። ቴስቶቹን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አሄድኩ፤ ሁሉም አለፉ። ለምን ቢባል የቴስት ጽሑፎቻችን በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ። የላቲን ፊደል ደግሞ አሥር ጊዜ ቢቋጠርም ያው ነው፣ አይለወጥም። ይህን ስናገር አሁንም ያንገበግበኛል። ለአማርኛ ብለን በሠራነው ሲስተም ውስጥ አንድም የአማርኛ ቴስት አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እትዬ ናቸው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት አሉ። «ልጄ፣ ና እስቲ ይህን እየው» አሉኝ። ሄድኩ። የታተመ ደረሰኝ ሰጡኝ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ብር የሚለው ቃል መሆን ያለበት ቦታ ላይ ግን የጃፓን የን ምልክት አለ። ከላይ፣ ባሕር ዳር በሚለው ቦታ፣ የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት። በየመካከላቸው ራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ፊደል፣ ደጋግማ፣ ደጋግማ። «የማን አገር ገንዘብ ነው የምቀበለው?» አሉኝ እትዬ፤ ተቆጥተው ሳይሆን ግራ ገብቷቸው። ከኋላቸው ሦስት አጥማጆች ቆመዋል፣ ዓሣው ቅርጫት ውስጥ ፀሐይ ላይ ነው።

እዚያው ቆሜ ምን እንደሆነ ገባኝ፣ የት እንደሆነ ግን አልገባኝም። የኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፤ ያ ባይት ለብቻው እንደ ላቲን ሲነበብ ያቺ ባለጭረቷ ፊደል ነው። «ብ» ሦስተኛው ባይቷ የየን ምልክት ቁጥር ነው፣ «ባ» ደግሞ የፓውንድ። ስለዚህ ሁለቴ ተቋጥሯል። ላፕቶፕ ከፍቼ የሚወጣውን «ባሕር ዳር» ቆጠርኩት። 6 አይደለም፣ 16ም አይደለም። 31። አሥራ አምስቱ ባይት እያንዳንዱ ሁለት ሆኖ 30፣ ክፍት ቦታዋ 1።

ለእትዬ የድሮውን ማሽን መልሼ አስነሳሁላቸውና ሥራው ቀጠለ። ዳታቤዙም አልተነካም ነበር፣ የተበላሸው ሲወጣ ብቻ ነው። ከዚያ ሦስት ሌሊት። የካታሊስትን ኮር ፋይል በፋይል አነበብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቋጥረው፤ ልክ ነው። የኛን ኮድ አነበብኩ፤ የትም አይቋጥርም። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ተሰኝቷላ። በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሲስተሙ ሲነሳ የሚጭናቸውን ፋይሎች በሙሉ አስዘረዘርኩና ረስቼው የነበረ አንድ ስም አየሁ። ከፈትኩት። «እዚህ ጋ እንዳትነኩ፤ አማርኛው ይጠፋል።»

አማርኛውን ያጠፋው ያ ፋይል ነበር።

ንዴት አልተሰማኝም። የተሰማኝ ሐዘን ነው። ያ ኮድ በተጻፈበት ቀን ትክክል ነበር፤ ከተጻፈ በኋላ አንዲት ፊደል አልተለወጠችበትም። የተለወጠው ሥሩ ያለው መሬት ነው። አሁን ወደዚያ ፕለጊን ልመለስ። የኮሩ ጸሐፊዎች ዩቲኤፍ 8ን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ፕለጊኑን ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች እንዳይጎዱ አስበውላቸዋል። ፕለጊኑን ጭኖ የመጣ ፕሮግራም ሲያጋጥመው ኮሩ «ይህ አሁን በራሱ የሚሠራ ነው፣ አውጣው» ብሎ ይናገራል፣ ሁለቴም አይቋጥርም። እኛ ግን በበሩ አልገባንም፣ በመስኮት ነው የገባን። በመስኮት የገባን ሰው ባለቤቱ ቤቱን ሲያድስ ሊያስብለት አይችልም፤ መኖሩንም አያውቅ። ኮሩን በውስጥ መስመር የነካ ሁሉ፣ ቢያንስ ለምን እንደነካና ማንሳት የሚቻለው መቼ እንደሆነ ቢጽፍ ብዬ እመኛለሁ። የጋሼ ኮመንት የመጀመሪያውን በደንብ ነግራኛለች። ሁለተኛውን ያኔ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ወዲያው አላጠፋሁትም። መጀመሪያ የአማርኛ ቴስት ጻፍኩ። «ባሕር ዳር» ውስጥ ስትቆጠር 6፣ ወጥታ ስትቆጠር 16። «ብር»። የእኒያ አልፈርምም ያሉት አባት ስም፣ ሙሉውን። ሦስቱም ወደቁ፣ እንደሚገባቸው። የፋይሏን መጫኛ መስመር ለጊዜው ዘጋሁና ደግሜ አሄድኩ። አለፉ።

ከዚያ ሲነጋ ጋሼ ጋ ደወልኩ። አሁን ደብረ ታቦር ነው፣ ጡረታ ወጥቷል። ያለ እሱ ፈቃድ ማድረግ አልሆነልኝም። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች በስልክ አነበብኩለት፣ ኮመንቷንም። ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ?» አልኩ።

«ባሕር ዳርን ቆጠርካት?» አለኝ።

«ቆጠርኳት።»

«ስንት አለች?»

«6።»

«እንግዲያው አውጣት» አለ። ከዚያ ስለ እትዬ ጠየቀኝ፤ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ፣ አሁንም ያችው ወንበር ላይ ናቸው ወይ። ናቸው አልኩት።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም፣ ዝናቡም እየመጣ ነው። ሰላም ዋሉ።