እንቁላሉ እሱ ጋ ነው፦ ፖላር ቦንድና ሎን ፔር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ስለ አረቄ ነው የማወራው። ኧረ ቆይ፣ ውስጡ ስላለው ኤታኖል ማለቴ ነው። እማዬ፣ እያየሽኝ ከሆነ ኬሚስትሪ ነው።

ከታላቅ ወንድማችሁ ጋር ከአንድ ትሪ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልቻለሁ፤ መብላት ከተባለ። ዶሮ ወጡ መሃል ላይ ይወጣል። የሁለታችሁም ነው። እሱ ግን እያወራ፣ እየሳቀ፣ በእንጀራው ጫፍ ሳብ ያደርጋል። ሳብ። ደግሞ ሳብ። ቀና ስትሉ እንቁላሉ እሱ ጋ ነው፤ እናንተ ጋ ቁሌቱ። ልብ በሉ፣ ትሪውን ይዞ አልሄደም! ይዞ ቢሄድማ አዮኒክ ነበር። አብራችሁ እየበላችሁ ነው፣ ወጡ ግን ወደ እሱ አድልቷል። ፖላር ኮቫለንት ቦንድ በቃ ይሄ ነው፤ ሁለት አተሞች ኤሌክትሮን ይጋራሉ፣ አንዱ ግን ወደ ራሱ ይስባል። ወጡ ኤሌክትሮኑ ነው፣ ወንድማችሁ ኦክስጅን።

ቁጥሩን በሩጫ፤ የፓውሊንግ ሰንጠረዥ አለ፣ እያንዳንዱ አተም ኤሌክትሮን የመሳብ ጉልበቱ (ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ) የተጻፈበት። ሃይድሮጅን 2.20፣ ካርቦን 2.55፣ ኦክስጅን 3.44። ትንሹን ከትልቁ ቀንሱ። ካርቦንና ሃይድሮጅን 0.35፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ኖንፖላር በሉትና እለፉት። ካርቦንና ኦክስጅን 0.89፣ ፖላር። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን 1.24፣ እሱ ደግሞ የባሰበት። ኤታኖል ውስጥ ኦክስጅኑ ካርቦንና ሃይድሮጅን መሃል ነው፤ ስለዚህ ኦክስጅኑ ላይ ዴልታ ማይነስ (ከፊል ኔጋቲቭ ቻርጅ)፣ ጎረቤቶቹ ላይ ዴልታ ፕላስ (ከፊል ፖዘቲቭ)። ሎን ፔርስ? ቦንድ ውስጥ ያልገባ፣ አተሙ ለብቻው የያዘው የኤሌክትሮን ጥንድ ነው። አተሙ ቻርጅ ከሌለው፣ ከቫለንስ (ከውጨኛው ዛጎል) ኤሌክትሮኑ የቦንዱን ብዛት ቀንሱና ለሁለት አካፍሉ። ኦክስጅን፣ 6 ሲቀነስ 2፣ 4፤ ስለዚህ 2 ሎን ፔር። አሚን በሚባሉት ውህዶች ላይ ያለው ናይትሮጅን፣ 5 ሲቀነስ 3፣ 2፤ ስለዚህ 1። ካርቦን፣ ምንም። አለቀ።

አላለቀም! ምክንያቱም ያቺ ጥያቄ መጥታለች፤ ሁሌም ትመጣለች። «ኦክስጅኑ ሁለት ሎን ፔር ተሸክሞ ለምን ማይነስ አይጻፍበትም?» ወገኖቼ፣ ሎን ፔር ከማንም የተነጠቀ አይደለም። ወንድማችሁ ከቤቱ ይዞት የመጣው፣ ኪሱ ውስጥ ያለ ቆሎ ነው። አብረን እንቁጠር። ኪሱ ውስጥ 4። ከሁለቱ ቦንዶች ድርሻው አንድ አንድ። ስንት ሆነ? 6። ይዞ የመጣውስ? 6። ትርፍም ዕዳም የለበትም፤ ፎርማል ቻርጁ ዜሮ። ዴልታ ማይነሱ የመጣው ከዚያ ሳብ ሳብ ነው፣ ከቆሎው አይደለም። አሁን ሃይድሮጅኑን ያለ ኤሌክትሮኑ ንቀሉት። ቦንዱ የነበረው ጥንድ ኦክስጅኑ ኪስ ገባ፤ 3 ሎን ፔር፣ 1 ቦንድ፣ ድምር 7። ያኔ ማይነስ ጻፉ፤ ኤቶክሳይድ ይባላል። ይቺን ፈተና ላይ የሳተ እኔን አላየሁም ይበል።

ቆሎው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኤታኖልና ዳይሜቲል ኤተር ሁለቱም 2 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅን፣ 1 ኦክስጅን ናቸው። ሁለቱም 2 ሎን ፔር አላቸው። ኤታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ኤተሩ ከዜሮ በታች በ24። ኤታኖል ላይ ኦክስጅኑን የያዘው ሃይድሮጅን ወጡን ተነጥቆ ተርቧል፣ እጁን የጎረቤት ሞለኪውል ኪስ ውስጥ፣ ሎን ፔሩ ላይ፣ ይከታል። ሞለኪውሎቹ እንዲህ ስለተያያዙ ቶሎ አይፈሉም። ኤተሩ ላይ ሃይድሮጅኖቹ ሁሉ ካርቦን ላይ ናቸው፤ እንዲህ የተራበ ሃይድሮጅን የለም።

ይሄ መያያዝ ሃይድሮጅን ቦንድ ይባላል፤ እሱ በሚቀጥለው ቪዲዮ። ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ለወንድሜ ግን ሼር እንዳታደርጉበት።