የሚሮጥ አፍንጫ

እንደምን ናችሁ ወገኖቼ። ዛሬም ከደሴ ነኝ። ከኋላዬ ድምፅ ከሰማችሁ አብሽሩ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

ቅድም የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስድስተኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ አፍንጫ እንዴት ነው የሚሮጠው?» አለችኝ። እንግሊዝኛ መጽሐፏ ላይ አንዱ ልጅ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው «ራን» ያደርጋል። እሷ ደግሞ ራንን የምታውቀው በሩጫ ነው። እኛ አገር ሩጫ ሲባል ቀነኒሳና ደራርቱ እንጂ ንፍጥ ማን ትዝ ይለዋል?

ሳቅሁባት። ግን የራሴን ጉድ ላውጣ። ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ ዘመዳችን ሱቅ ስውል፣ አንድ ፈረንጅ ገባና ሱቁን ማን ራን እንደሚያደርገው ጠየቀኝ። «ማንም አይሮጥም፣ ቁጭ ብለን ነው የምንሸጠው» አልኩት! ሰውዬው ለካ ሱቁን የሚመራውን ሰው ፈልጎ ነው። አሁንም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

በእርግጥ ቃሉም ጉደኛ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው እትሙ ብዙ ትርጉም የሰጠው «ሴት» ለሚለው ቃል ነበር፤ 430 ገደማ። የፈረንጆቹን ሴት፣ «ማስቀመጥ» የሚሉበትን ማለቴ ነው፣ እንዳትስቁ። በኋላ አዘጋጆቹ ራንን እንደ አዲስ ሲሠሩት ግሡ ብቻ 645 ትርጉም ይዞ ቀደመው። እንግሊዝኛ ሞተሩንም፣ ለምርጫ የሚወዳደረውንም፣ ሲታጠብ ቀለም የሚለቀውን ልብስም ያስሮጣል። እኛ ለየብቻው ቃል አለን። ሚኒባሱ ከደሴ ኮምቦልቻ «ይሠራል» እንላለን፤ ሮጠ ካልንማ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው ይጮሃል።

እኔን ያስገረመኝ ግን የውሃው ነው። እንግሊዞች በቧንቧ የሚመጣውን «የሚሮጥ ውሃ» ይሉታል። ውሃው ከሮጠ አለ ማለት ነው። እኛ ጋ ውሃ «ሄደ» ከተባለ አለቀ፤ ጀሪካን ፍለጋ ነው። መብራትም ያው ነው። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እንደ ዘመድ። ሲመጣማ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮህለታል።

ይህንኑ ላሳያት ብዬ ቧንቧውን ከፈትኩት። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና ዝም አለ።

አየት አደረገችኝና «ጋሼ፣ ይሄስ ሮጦ ነው የሄደው» አለች።