«መርማሪ ነኝ» ለማለት ምን ያስፈልጋል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለዛሬው ክፍል የደወላችሁት አብዛኞቻችሁ ከከተማዋ ዳር ናችሁ፤ ከሰበታ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአያት፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ። የጠየቃችሁት የግል መርማሪ ሆኖ በሕጋዊ መንገድ እንጀራ መብላት ይቻል እንደሆነ ነው። እንደ አመጣጣቸው እንመልሳለን።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የግል መርማሪ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው ወይስ ፖሊስ?

መልስ፦ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው የግል ጥበቃ ሕግ ውስጥ የግል መርማሪንም ጨምራ ታስመዘግባለች፤ ደቡብ አፍሪካም በ2001 ሕጓ እንዲሁ ታደርጋለች። እኛ ዘንድ ለዚህ ሙያ ብቻ ተብሎ የወጣ አዋጅ የለም። ሜዳው ክፍት ነው ማለት ግን አይደለም። ወንጀል መመርመር በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለፖሊስ የተሰጠ ሥራ ነው፤ የንግድ ፈቃድ ይህን ሥልጣን ወደ ግለሰብ አያዞርም። እርስዎ የሚያወጡት ፈቃድ ለሚሸጡት አገልግሎት ነው፦ መረጃ ለማሰባሰብ፣ ለማጣራት፣ ለማማከር። ያለ ንግድ ፈቃድ ገንዘብ ተቀብሎ መሥራት ደግሞ በአዋጅ 980/2008 ያስቀጣል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ቢሮ ከመከራየትዎ በፊት የሚሠሩትን ሥራ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ የማይሠሩትንም ጭምር። ገጹን ይዘው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና በየትኛው የንግድ ሥራ መደብ እንደሚገባ፣ የብቃት ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ከሆነም ማን እንደሚሰጠው ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ቢያገኙት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለቤቱ የስድስት ወር ኪራይ ከፍሎ፣ ማስታወቂያውን ሰቅሎ፣ ከዚያ መደቡን ይፈልጋል። ሰበታ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከገላንና ከፉሪ ጋር የሸገር ከተማ አካል ስለሆነች ጉዳይዎ የሚታየው በኦሮሚያ መዋቅር ነው፤ ማመልከቻዎን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተው ቢሄዱ አንድ ምልልስ ያተርፋሉ።

መደቡ ከታወቀ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ንግድ ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባ፣ የተረጋገጠ የኪራይ ውል። ብቻዎን ከሆኑ በ2013ቱ የንግድ ሕግ (አዋጅ 1243/2013) የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ ለግል ማኅበር የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። የማኅበሩ ዕዳ ቤትዎ ድረስ እንዳይመጣ ይረዳል፤ እርስዎ ራስዎ የሰው ስም ካጠፉ ግን ተጠያቂው እርስዎው ነዎት። ፈቃዱን ያለ ቅጣት የሚያሳድሱበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ጥበቃ አሰማራለሁ ካሉ ያ ሌላ በር ነው፤ የፖሊስ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ መሣሪያ ካለበትም አዋጅ 1177/2012 ይከተላል።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ጡረታ የወጣሁ የፖሊስ መርማሪ ነኝ። ለደንበኛ ስሠራ ሌባ ባገኝ መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ እጅ ከፍንጅ ከሆነ ይችላሉ፤ ጎረቤትዎ የሚችለውን ያህል ብቻ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 50 ማንም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ወንጀሉ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። አባባ፣ ልምድዎ ሊያሳስትዎ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፦ 48 ሰዓት የሚባለው ፖሊስ ተጠርጣሪን ፍርድ ቤት የሚያቀርብበት ጊዜ ነው፤ ለእርስዎ አንድ ሰዓትም አልተሰጠም። «እስኪያምን ድረስ» ብሎ ሰውን ቢሮ ውስጥ ማቆየት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 585 ከሕግ ውጪ ሰውን መያዝ ነው። ትናንት የተሰረቀ ዕቃ ዛሬ ሰው ቤት ቢያዩም ዘልቀው አይገቡም፤ አድራሻውን ጽፈው ለፖሊስ ይሰጣሉ። የድሮ መታወቂያዎንም ቤትዎ ይተዉት።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ባለቤቴን የሚከታተልልኝ ሰው አገኘሁ። «የስልኩን የጥሪ ዝርዝር ከውስጥ ሰው አወጣለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልክፈል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይክፈሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነትን ይጠብቃል፤ ትዳር ይህን አያነሳም። የሰውን መልእክት መጥለፍና ያለ ፈቃዱ ስልኩ ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስጠይቃል፤ ከፍለው ያሠሩት እርስዎም አይቀርልዎትም። ዝርዝሩ ቢወጣ እንኳ «ከየት አመጣሽው?» ሲባሉ መልስ የለዎትም። ሰውዬውም ነገ ባለቤትዎ ዘንድ ሄዶ ያንኑ ወረቀት በእጥፍ ሊሸጠው ይችላል። መኪናው ላይ ጂፒኤስ መለጠፍም ሊያስጠይቅዎት ይችላል። ጉዳዩ የፍቺና የንብረት ከሆነ ጠበቃ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የባንክ ሒሳብና የተሽከርካሪ ማስረጃ ማስቀረብ ይችላል፤ ከሚስጥር ክትትል የተሻለ ፍሬ የሚሰጠው እሱ ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ለአንድ ድርጅት ለሦስት ሳምንት ክትትል ሠርቼ ሪፖርት አስገባሁ። ጠበቃቸው «ይህ አይሠራም» ብሎ መለሰው። ምን አጥፍቼ ይሆን?

መልስ፦ ሪፖርቱን አላየነውም፤ እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ወድቆ ሲመጣ ግን ምክንያቱ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ማስታወሻው «3፡14» ይላል፤ የስልኩ ፎቶ 09፡14 ይላል። ጠዋት 3፡14 ማለት ለእኛ ግልጽ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ዳኛ ፊት ግን ተቃራኒው ወገን «የትኛው ነው ውሸቱ?» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። በሪፖርቱ አናት ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፉ ይግለጹ፤ «ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ» የምትለዋን ቃልም አይርሱ። ቀኑም እንዲሁ ነው። ስልኩ በፈረንጅ ቀን ያስቀምጣል፣ እርስዎ በኢትዮጵያ ይጽፋሉ። ልወጣውን በቃልዎ አይሥሩ፤ ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ቀኑ በአንድ ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበራት ነው። ያንን የረሳ ሰው ሪፖርቱን ሙሉ በአንድ ቀን አዛብቶ ያስገባል።

ሁለተኛው ፎቶው ራሱ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላኩት መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ሰዓትና ቦታም ከውስጡ ይጠፋል። በፋይል መልክ ይላኩት፤ ዋናውን ከስልኩ አያጥፉ፣ አይቁረጡ፣ ብርሃኑን አያስተካክሉ። በዚያው ማታ ሁለት ቅጂ በተለያየ ቦታ ያስቀምጡ፤ ዋናው መቼ፣ በማን እጅ እንደነበረም በወረቀት ይመዝግቡ። ወረቀቱ ላይ ክፍተት ካለ «በመሃል ተነካክቷል» ይባላል።

ሦስተኛው፣ በእኛ ግምት የብዙውን ሰው ሪፖርት የሚገድለው፣ ያዩትንና የገመቱትን ማደባለቅ ነው። «ተጠርጣሪው የሰረቀውን ጭኖ ወጣ» ብሎ መጻፍ ፍርድ መስጠት ነው፤ ስህተት ከሆነም ስም ማጥፋት፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613። «ከቀኑ 8፡40 ነጭ አይሱዙ ከመጋዘኑ በር ወጣ፤ ጭነቱ በሸራ ተሸፍኖ ነበር፤ ሰሌዳው በዚህ ፎቶ ይታያል» ይበሉ። ያላዩትን ሰዓትም «ከ9፡00 እስከ 9፡25 በሩ አይታየኝም ነበር» ብለው ይጻፉት። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ይታመናል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ እንደ ለገጣፎ ባለ ሰፈር ሰው ይተዋወቃል። መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ጸጉረ ልውጥ ተብሎ የሰፈሩ ጥበቃ መስኮቱን ያንኳኳል። አንድ ሰው ብቻውን ሚኒባስም ባጃጅም አይከተልም፤ በአንድ አደባባይ ይጠፋበታል። ለሁለት ሆነው እየተፈራረቁ፣ በ40 ወይም በ50 ደቂቃ ቦታ እየለወጡ ይሥሩ። ጥበቃው ቢጠይቅዎት «ፖሊስ ነኝ» አይበሉ፤ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» ማለት ይበቃል። ፖሊስ ከጠየቀዎት እውነቱን ይናገሩ፣ ውልዎንም ያሳዩ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ እህቴ ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ እዚያ በዚህ ሥራ መግባት ትፈልጋለች። ከባድ ነው?

መልስ፦ አሜሪካ አንድ ወጥ ፈቃድ የላትም፤ በየግዛቱ ይለያያል። የእህትዎ ግዛት ለጀማሪ ምቹ ነው። የ60 ሰዓት የግዴታ ሥልጠና ወስዳ፣ የጣት አሻራ ሰጥታ፣ በግዛቱ የወንጀል ፍትሕ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ትመዘገባለች፤ በየሁለት ዓመቱ 8 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና አለ። ብዙዎች የሚስቱት ይህ ምዝገባ ፈቃድ ባለው ድርጅት ተቀጥሮ ለመሥራት መሆኑን ነው። የራሷን ለመክፈት ሌላ የድርጅት ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ለዚያም በሙያው አምስት ዓመት፣ ወይም በኃላፊነት ሦስት ዓመት የሠራ ተጠሪ ማቅረብ አለባት። ካሊፎርኒያ ብትሆን ኖሮ በቅድሚያ በክፍያ የተሠራ የ6,000 ሰዓት የምርመራ ልምድ ትጠየቅ ነበር፤ የሕግ ዲግሪ ካለ ወደ 4,000 ይወርዳል። ፍሎሪዳ ፈቃዱን የሚሰጠው፣ ይግረማችሁና፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ነው። የትኛውም ግዛት ቢሆን ፈቃዱ ለአገልግሎቱ ገንዘብ ለመቀበል ነው፤ የፖሊስ ሥልጣን አብሮ አይመጣም።

ጥያቄ (ከሰበታ፣ ድጋሚ የደወሉ)፦ ስንት ላስከፍል? መታወቂያስ ማሳተም እችላለሁ?

መልስ፦ በሰዓት ወይም በቀን ይዋዋሉ፤ ነዳጅና ምግብ ለብቻ ይጻፍ፣ ቀብድ ይቀበሉ። «ካገኘሁት ይህን ያህል፣ ካላገኘሁ ምንም» የሚል ውል አይፈርሙ፤ ውጤት ላይ የሚከፈለው ሰው ውጤት ይፈጥራል ተብሎ ምስክርነቱ ይናቃል። ውሉ ላይ ደንበኛው መረጃውን ለምን እንደፈለገው ያስጽፉ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ዓላማ ይጠይቃልና። ክስ ማርቀቅ ግን አብረው አይሽጡ፤ እሱ በአዋጅ 1249/2013 የጠበቃ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው። መታወቂያው ላይ ስምዎ፣ የድርጅቱ ስምና ስልክ ይበቃል። ጋሻ፣ ኮከብ፣ ባንዲራ፣ «ምርመራ መምሪያ» የሚል ጽሑፍ አይኑርበት፤ ማተሚያ ቤቱ «ያምርበታል» ቢልዎትም።