ባህሩን ልይ ወይስ ኳሱን ልምታ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጅማ ነው የማወራችሁ። ከጀርባ የምትሰሙት ድምፅ የማይክ ችግር አይደለም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ስቱዲዮ የለኝም፤ የምቀዳው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። እና ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ጎልፍ ነው የማወራው። አዎ፣ ጎልፍ፤ ያውም ከጅማ። መሳቅ ይቻላል። በሰፈሬ የጎልፍ ዱላ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጨዋታውን የለመድኩት ደቡብ አፍሪካ ስማር ነው። እዚያ ጎልፍ የሀብታም ብቻ አይደለም፤ በተማሪ ኪስ የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች አሉ። እህቴ እዚያው ቀረች፣ አገባች፣ ወለደች። ባሏ ደግሞ የለየለት የጎልፍ ሱሰኛ ነው።

አሁን ሁለቱ ቤተሰቦች ነሐሴ ላይ ሞሪሸስ እንገናኝ ተባለ። ሚስቴና እህቴ በስልክ ጨርሰውታል። እኔ የተጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሜዳውን አንተ ምረጥ፤ ግን ቀኑን ሙሉ እንዳትጠፉ።» ከባዱ የኋለኛው ነው። እኔም ስመርጥ የሰነበትኩት እሱን ይዤ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ፎቶ አየሁ። እናንተዬ፣ ሁሉም አንድ ነው! አረንጓዴ ሣር፣ ሰማያዊ ባህር፣ ነጭ አሸዋ፣ መሐል ላይ አንዲት ባንዲራ። ግን ፎቶው የአንድ ጉድጓድ ነው፤ ሙሉ ሜዳ ማለት ኳሱን በየተራ የምታስገባባቸው 18 ጉድጓዶች ናቸው፣ ክፍያውም የ18። የቀሩት 17 ምን ይመስላሉ? ይህን የሚያሳይ ማስታወቂያ አላየሁም።

ሲሸልስን እንውሰድ። መጀመሪያ ያሰብነው እሷን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርራል፣ ቪዛም አይጠየቅም፤ ከመሄድህ በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ መሙላት ብቻ ነው። በአገሪቱ 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ ፕራስሊን ደሴት ላይ ያለው ለሙሪያ። ምርጫ የሚያስጨንቀው ሰው እንግዲህ ሲሸልስ ይሂድ፤ አንድ ነው፣ አለቀ። የምታዩት ፎቶ ሁሉ የ15ኛው ጉድጓድ ነው። ከኮረብታ አናት ላይ ቆመህ፣ ከታች አንስ ዦርዤት የሚባለው የባህር ዳርቻ እየታየህ ትመታለህ። ያምራል፤ ማማሩን ማን ይክዳል። ግን የመጀመሪያዎቹ 12 ጉድጓዶች ሜዳማ ናቸው፤ በዘንባባ መሐል ነው የሚኬደው። ዳገቱና ጫካው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ለመድረስም ከዋናው ደሴት ከማሄ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ወይም በትንሽ አውሮፕላን መሄድ አለ። እህቴ ከጆሃንስበርግ ስለምትመጣ ሞሪሸስ ይሻላል ተባለ፣ ተስማማን።

ሞሪሸስ ላይ ግን ሜዳው ብዙ ነው። ጣጣው የመጣውም ከዚህ ነው።

ፎቶውን ትቼ ካርታ ዘረጋሁ። የማየው ነፋሱን ነው። ሞሪሸስ ላይ ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ ጠንከር የሚለው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። እኛ የምንሄደው ነሐሴ። ለእነሱ ቀዝቀዝ ያለው፣ ዝናብ የሚቀንስበት፣ አውሎ ነፋስ የማያሰጋበት ወቅት ነው። ለልጆች ጥሩ ነው። ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ለሚጫወት ሰው ግን ነፋሱ ያለ ርኅራኄ ነው። ስለዚህ እዚያው ደሴት ላይ ምዕራቡና ምሥራቁ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው ማለት ይቻላል። ምዕራቡ በተራሮቹ ተከልሏል፣ ደረቅም ነው። ታማሪና የሚባለው ሜዳ እዚያ ነው ያለው፤ ሮድኒ ራይት የነደፈው፣ ድሮ የአደን ቦታ የነበረ መሬት ላይ። በፎቶ ሲታይ ባህሩ እንደ ሌሎቹ ጎልቶ አይወጣም። ለዚያም ይመስለኛል ሰው የሚዘለው። እኔ ግን መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው።

የእህቴ ባል ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ደሴት ሄጄ ባህር ሳላይ?» አለ። እሱ የሚፈልገው ኢል ኦ ሴርን ነው። ታዋቂው እሱ ነው። ምሥራቅ በኩል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ሜዳውን የነደፈው ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ነው፣ በ1985 እና በ1993 እ.ኤ.አ. ማስተርስ የሚባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር ያሸነፈው። የተከፈተው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ሜዳው በጀልባ ነው የሚገባው። ብዙ ቦታ ላይ ኳሱን ከውሃ ማዶ ማሳለፍ ግድ ነው፤ አጭር ከመታህ ኳሷ ቀለጠች። ላንገር እጁ እንደ ሰዓት የሚሠራ ሰው ነው። ለራሱ ዓይነት ሰው የነደፈው ይመስለኛል። እንደ እኛ ላለው፣ ያውም በነሐሴ ነፋስ፣ ቦርሳ ሙሉ ኳስ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን፣ ለአንድ የቡና ነጋዴ ሽማግሌ ብነግራቸው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አንተ ልጅ፣ ኳስ ባህር ውስጥ ለመጣል ነው አውሮፕላን የምትሳፈረው? አዌቱ ወንዝ አይቀርብህም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ደገኛ የሆነ ሰው ይህን ልብ ቢል ደስ ይለኛል። እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኳሱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይርቃል። አዲስ አበባ ላይ 150 ሜትር የሚሄድልህ ምት፣ ባህር ዳርቻ ላይ ከ10 ሜትር በላይ ያጥርብሃል። ሰው «አየሩ ረጥቦ ስለከበደ ነው» ይላል። እንዲያውም እርጥብ አየር ከደረቅ አየር በጥቂቱ ይቀልላል። ጉዳዩ ከፍታው ነው። ውሃ ማሻገር የሚጠይቅ ሜዳ ስትመርጡ ይህንን 10 ሜትር አስቡት። ኳሷን ውሃ ውስጥ የሚከታት እሱ ነው።

ሣሩም ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ግን አላስረዝመውም። ሙቀት ባለበት አገር ብዙ ሜዳ የሚሸፈነው በእኛው ሰርዶ ነው። አዎ፣ ግቢያችን ውስጥ ነቅለን ነቅለን ያቃተን ሰርዶ! ባህር ዳር ደግሞ ፓስፓለም የሚባል ጨው የሚችል ሣር አለ፤ ጨዋማነት ያለው ውሃም ይጠጣል። የሰርዶ ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ዙሪያ ባለው አጭር የታጨደ ሣር ላይ፣ ሣሩ ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ከቆምክበት ስታየው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ኳሷ ትፈጥናለች፤ ጠቆር ካለ ትዘገያለች። ይህን ያላወቀ እንግዳ ዱላውን ይራገማል።

ወደ ምርጫዬ ልመለስ። እኔን ልቤን የሳበኝ ባህር ዳር ያለው አይደለም። ደጋው ነው። ሞሪሸስ መሐሏ ከፍ ያለ አምባ ነው፤ ዝናባማ፣ ቀዝቃዛ፣ አረንጓዴ። ቫኮዋ የምትባል ከተማ እዚያ ላይ ናት። የጂምካና ክለብ የሚባለው እዚያ ነው ያለው፤ እንግሊዞች በ1844 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት። የቅኝ ግዛት መኮንኖች መዝናኛ ነበር። ሜዳው አጭር ነው፣ ፓሩ (ጥሩ ተጫዋች ሜዳውን ይጨርስበታል የሚባለው የምት ብዛት) 68። ረጅም መምቻ አይጠይቅም፤ ትክክለኛ እጅ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ወደ ደቡብ ወረድ ስትል ደግሞ ቧ ሼሪ የሚባል የሻይ አገር አለ፣ አቫሎን የተባለው ሜዳ እዚያ ነው። የሻይ ተክል፣ ጭጋግ፣ ቀይ አፈር። ከጅማ ወደ ካፋ፣ ወደ ዉሽዉሽ ለሄደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሚስቴ፣ «ጅማን ልታይ ነው እንዴ ሞሪሸስ ድረስ የምትሄደው?» አለችኝ። ነጥብ አላት። ግን ሰው በለመደው አየር ደህና ይጫወታል፣ ምን ላድርግ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጊዜ። 18 ጉድጓድ በትንሹ አራት ሰዓት ይፈልጋል፣ ፊትህ ያሉት ከዘገዩ አምስት። መንገድ ጨምሩበት። ኢል ኦ ሴር ከሆነ ጀልባም ጨምሩ። ነሐሴ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የጀመረ ሰው ላይጨርስ ይችላል። ስለዚህ ጎልፍ ማለት አንድ ጠዋት አይደለም። አንድ ቀን ነው። ይህን ቀን የምወስደው ከልጆቼና ከእህቴ ላይ ነው፤ እህቴን ደግሞ ካየኋት ቆይቷል። እንዲህ ሳስበው «የትኛው ሜዳ ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ አስፈላጊነቱ ወረደብኝ። «የትኛው ሜዳ አጠገብ ሌሎቹ ደስ ብሏቸው ይውላሉ» ሆነ።

በዚህ መለኪያ ደቡቡ፣ ቤል ኦምብር፣ ከሁሉም በለጠብኝ። እዚያ ያለው ነባር ሜዳ የፒተር ማትኮቪች ሥራ ነው፤ መስመሮቹ ሰፋ ያሉ ናቸው፣ መካከለኛ ተጫዋችን አያዋርድም። ጎኑ ላይ 9 ጉድጓድ ያላት አጭር ሜዳ አለች። ልጄ «አባዬ እኔም ልምታ» ስትል የምወስዳት እዚያ ነው። ባህሩም በእግር ይደረሳል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላ ሬዘርቭ የሚባል አዲስ ሜዳ ተከፍቷል፤ ማትኮቪችና ደቡብ አፍሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ሉዊ ኡስትሃይዘን አብረው የነደፉት። የእህቴ ባል የአገሩ ልጅ ስም ሲሰማ ቁጣው በረደ። ዘዴ ነው፣ አልክድም።

ወጪውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ እዚያ ብዙ ሪዞርቶች ለሚያድሩባቸው እንግዶች የሜዳውን ክፍያ ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ግን ጋሪው (ሜዳው ላይ የምትነዳው ትንሿ መኪና) ለብቻ ነው፣ ዱላ ኪራዩም ለብቻ። «ነፃ» የሚለውን ስታዩ «ጋሪውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኔን ዱላ ከጅማ በትንሿ አውሮፕላን ጭኜ ከምንገላታ እዚያው እከራያለሁ። ጫማና ጓንት ግን የራስ ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ደግሞ እንዳትረሱ፤ ከእኛ አገር ለሚሄድ ይጠየቃል።

እንግዲህ የእኔ ዝርዝር ይህን ይመስላል። ቤል ኦምብር ተቀምጠን እዚያው እንጫወታለን። ሌላ አንድ ጠዋት ቫኮዋ፣ ሴቶቹና ልጆቹ ገበያ ሲሄዱ። ታማሪና ነፋሱ ካስቸገረ መጠባበቂያ። ኢል ኦ ሴር ላይ ግን አልተስማማንም። እሱ ቀን ቆርጦ ቦታ ሊይዝ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የነፋሱን ትንበያ ሳላይ አልከፍልም ብያለሁ። እህቴ «ሁላችንም በጀልባ እንሂድና እናንተ ተጫወቱ፣ እኛ እንዋኝ» ብላለች። ይህ ከሆነ እሺ እላለሁ። ኳሱን ግን እሱ ነው የሚገዛው።

በሉ፣ ዝናቡ እየበረታ ነው፣ መብራትም ሊሄድ ይችላል። ደህና ሰንብቱ።