የጎረቤት ቫልቭ

ዛሬም ፓይፐር አልፋ ነው፣ ያ በእሳት የወደመው የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ ፕላትፎርም። ባለፈው ክፍል ፓምፑን፣ የሥራ ፈቃዱን፣ የፈረቃ ርክክቡን አውርተን ጨርሰናል ብዬ ነበር። አልጨረስንም። ጎረቤት ፕላትፎርሞቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍናቸው፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝ ደግሞ እነሱ ናቸው።

ለማስታወስ ያህል፣ በፈረንጆቹ 1988፣ ጁላይ 6፣ ሰሜን ባሕር። ኮንደንሴት፣ ማለትም ከጋዝ የሚለይ ቀላል ፈሳሽ ነዳጅ፣ የሚገፉ ሁለት ፓምፖች አሉ፣ ኤ እና ቢ። የኤ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው፣ ለምርመራ ተፈትቷል፤ በቦታው ቱቦውን የሚደፍን ጠፍጣፋ ብረት ገብቷል፣ ግን ጋዝ እንዳያሳልፍ ተደርጎ አልጠበቀም። ከምሽቱ 3:45 ገደማ ቢ ቆመ። ማታ የገቡት ሰዎች ስለ ፓምፑ የተጻፈውን ፈቃድ አገኙ፤ ስለ ቫልቩ የተጻፈውን አላገኙም። ኤን አስነሱት። 4 ሰዓት ላይ ፈነዳ።

እስከዚህ ያለው የአንድ ፕላትፎርም ጉዳይ ነው። እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ታርታን እና ክሌይሞር የሚባሉ ሁለት ፕላትፎርሞች ከፓይፐር ጋር በቱቦ ተያይዘዋል። ታርታን ጋዝ ወደ ፓይፐር ይልካል። ክሌይሞር ደግሞ ፓይፐር በሚጠቀምበት በዚያው ዋና መስመር ድፍድፍ ዘይት ወደ የብስ ይገፋል። የድረሱልን ጥሪው በሬዲዮ ወጥቷል። ክሌይሞር ግን መግፋቱን አላቆመም፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስላልወረደ ፓይፐር ላይ ከተሰበረው ቱቦ ዘይቱ እየወጣ እሳቱን መገበው። 4:20 ላይ ከታርታን የሚመጣው የጋዝ ቱቦ በሙቀቱ ተቀደደ። ከዚያ በኋላ የሚያድነው አልነበረም። 167 ሰው ሞተ።

የክሌይሞር ኃላፊ መዝጋት ይችል ነበር እኮ! አብሮት ያለው ሰው እንዝጋ ብሎ ወትውቶታል። እሱ ግን ፓይፐር እሳቱን ይቆጣጠረዋል ብሎ ጠበቀ፣ የብስ ላይ ካሉት አለቆቹ ጋር ለመነጋገር ሞከረ። አንድ ሰዓት ገደማ እንዲሁ አለፈ። አንዳንዴ ይሄን ሳስብ ንድድ ይለኛል። ቆይቼ ደግሞ... ሰውየው ፊት ያለው የግፊት ጌጅ እኮ ደህና ነው። በራሱ ግቢ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። መዝጋት ማለት ምርት ማቆም ነው፣ ነገ የሚጠየቅበት ነው። የሰው ቤት ተቃጠለ ብለህ የራስህን ቧንቧ ዝጋ የሚል ወረቀት በእጁ አልነበረም። አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ከለን በ1990 ያወጡት ሪፖርት 106 ምክረ ሐሳብ ነበረው፣ ሁሉም ተቀባይነት አገኘ። እሺ፣ መልካም።

ታዲያ ለምን አሁን አነሳሁት? ባሕሩ ላይ ያለው ሥራ እየተለወጠ ስለሆነ ነው። በፊት ብዙ ጊዜ አንድ አንቀሳቃሽ ኩባንያ፣ አንድ መቆጣጠሪያ ክፍል ነበር። ስላይፕነር በሚባለው የኖርዌይ የጋዝ ማውጫ ላይ ከ1996 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ወለል በታች ሲቀበር ጋዙን የሚያወጣውም የሚቀብረውም አንድ አካል ነው። ኖርዘርን ላይትስ የሚባለውን የኖርዌይ የካርቦን መቅበሪያ ፕሮጀክት ደግሞ እዩት። ኢክዊኖር፣ ሼል እና ቶታል ኢነርጂስ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ብሬቪክ ያለው ሲሚንቶ ፋብሪካ ካርቦኑን ይይዛል፣ ከዜሮ በታች ወደ 26 ዲግሪ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ያደርገዋል፣ መርከብ ይጭነዋል፣ ኦይጋርደን ያለው ጣቢያ ይረከበዋል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቱቦ ሄዶ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር በታች ይገባል። የመጀመሪያው በ2025 ኦገስት ገባ። ስንት እጅ እንደሚያልፍ ቁጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያየውም። ለዚህ መስመር የተፈቀደው ውሃ ከሚሊዮን 30 እጅ ብቻ ነው፤ ውሃ ካለ ካርቦናዊ አሲድ ሆኖ ተራውን ብረት ይበላዋል። ችግሩ እዚያ አያበቃም። አንዱ ፋብሪካ በሚፈቀደው ልክ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያመጣል፣ ሌላው በሚፈቀደው ልክ ሰልፈር ኦክሳይድ፣ ሦስተኛው ትንሽ ኦክስጅን። ሁሉም ፈተናውን አልፈዋል። ሲቀላቀሉ ግን እርስ በርስ ተዋህደው ናይትሪክ እና ሰልፈሪክ አሲድ ሊያንጠባጥቡ ይችላሉ። እኛ ጅማ ውስጥ እሸት ቡና ስንሰበስብ የሸተተች አንዲት ፍሬ ክምሩን ታበላሻለች፣ የማን እንደሆነችም ፈልገህ ታገኛለህ። እዚህ ግን የሸተተ የለም። ቱቦው ሲበላ ማንን ትጠይቃለህ?

በነገራችን ላይ የእኛው ጊቤም ሰንሰለት ነው። ከግልገል ጊቤ አንድ የወጣው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ጊቤ ሁለት ይሄዳል፤ ላይኛው ሲያቆም ታችኛው ወዲያው ይሰማዋል። ግን ሁለቱም የአንድ ባለቤት ናቸው፣ አንድ ስልክ ይበቃል። ኖርዌይ ላይ ስንት ስልክ ነው?

እኔ የምለው፣ አዲስ ፋብሪካ በገባ ቁጥር የመጀመሪያው መርከቡ ሳይጫን አንድ ገጽ ይፈረም። የትኛው ንባብ ሲታይ፣ ማን፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይዘጋል? የዘጋውስ ሰው በኋላ የጠፋውን ገንዘብ እንዳይከፍል ማን ዋስ ይሆነዋል? የጋራ ልምምዱም በወረቀት ሳይሆን ቫልቩ በእውነት እየተዘጋ ይሁን።

ግን... ይሄንንም ስለው ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። የዘይት መስመር ላይ መልሱ ግልጽ ነበር፣ ዝጋ። እዚህ ግን የሲሚንቶው ምድጃ በስልክ ጥሪ አይቆምም። መርከቡ ግማሽ አራግፎ ሳለ ሁለቱም ወገን ቫልቩን ቢዘጋ፣ በመሃል ማራገፊያው ክንድ፣ መርከቡን ከጣቢያው የሚያገናኘው ቱቦ፣ ውስጥ የታሰረው ፈሳሽ እየሞቀ ይለጠጣል፣ ግፊቱም ቱቦውን ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ እዚያች መሃል ላይ ማስተንፈሻ ቫልቭ የግድ ያስፈልጋል። በድንገት ከተነፈሰ ደግሞ ደረቅ በረዶ፣ ማለትም ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እስኪሆን ይቀዘቅዛል፣ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ይተኛል፣ ሰው እዚያ ካለ ያፍነዋል። ያቺ ማስተንፈሻ ቫልቭ የመርከቡ ናት የጣቢያው? ማነው የሚመረምራት፣ በማን ፈቃድ ትፈታለች፣ ስትፈታስ ለሌላው ወገን ማን ይነግረዋል? ይሄ ለብቻው አንድ ክፍል ይፈልጋል መሰለኝ። ወይም ከመርከቡ በኩል ልጀምርና...